ፈረሰኛው ሰማዕት እና የጎጃም የጦር ሥዕል

በጣና ደሴቶች፣ በዘጌና በጎጃም ደጋ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ ጦርነት ይበዛበታል። በሩ ላይ ሊቃነ መላእክት ሰይፍ መዝዘው ይቆማሉ፤ ፈርዖን ከነሠራዊቱ በኤርትራ ባሕር ይሰጥማል፤ በፈረስ የተቀመጡ ሰማዕታት ተሰልፈው ዘንዶውን፣ አውሬውን፣ ከሐዲውን ንጉሥ በጦር ይወጋሉ። እነዚህ ሥዕሎች ብዙውን ጊዜ የሚጠኑት በሃይማኖት ሥዕልነታቸው ብቻ ነው። የአድዋ ጦርነት ሥዕል ደግሞ ለብቻው ተነጥሎ የታሪክ ሥዕል ይባላል፤ ሲብስም የቱሪስት ዕቃ ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱን እንዲህ መነጠል አያዋጣም። የአድዋ ሥዕል አደራደሩም ሕጉም ከ1888 ዓ.ም. እጅግ ቀድሞ በመቅደስ ግድግዳ ላይ ተሠርቶ ያለቀ ነው። አባቱም ብዙ ሰው እንደሚገምተው የጊዮርጊስና የዘንዶው ሥዕል ሳይሆን ቅዱስ መርቆሬዎስ ንጉሥ ኡልያኖስን የሚወጋበት ሥዕል ነው።

ገድልና ታሪክ፣ ወይም አፈ ታሪክና ታሪክ፣ በጦር ሥዕል ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማየት ከሩቅ አገር አንድ ማነጻጸሪያ ይጠቅማል። ዛሬ ቶስካና በሚባለው የጣልያን ክፍልና በዙሪያው ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖሩት ኤትሩስካውያን ሙታናቸውን የሚቀብሩት ከሸክላ ዕቃ ጋር ነበር። የናፖሊዮን ወንድም ሉሲየን ቦናፓርት እ.ኤ.አ. በ1828 ቩልቺ ላይ መቃብር ማስቆፈር ሲጀምር በሺዎች የሚቆጠሩ የተሣሉ ዕቃዎች ወጡ። አብዛኞቹ ከአቴና ተገዝተው የመጡ ናቸው፤ ኤትሩስካውያን ራሳቸው የሠሯቸውም አሉ። የሚሣለው ጦርነት በብዛት የግሪኮች የትሮያ ጦርነት ነው። ነገር ግን በአገሬው ሠዓሊ እጅ ሲገባ ተረቱ የአገሬውን ጠባይ ይይዛል። ከቩልቺ ወጥቶ አሁን ፓሪስ በሚገኝ አንድ የወይን ጋን ላይ አያክስ የትሮያን ምርኮኛ ሲገድል ይታያል፤ አጠገቡ መዶሻ የያዘው ቻሩን፣ በግሪኩ ታሪክ ውስጥ ቦታ የሌለው የኤትሩስካውያን የሞት መንፈስ፣ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

እዚያው ቩልቺ እ.ኤ.አ. በ1857 የተገኘው የፍራንሷ መቃብር ነገሩን የበለጠ ግልጽ ያደርገዋል። በአንዱ ግድግዳ አኪሌስ የትሮያን ምርኮኞች ለወዳጁ ለፓትሮክሎስ ነፍስ ይሠዋል። ፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ኤትሩስካዊው ጀግና ማክስትርና ካይሌ ቪፒናስን ከእስር ሲፈታ፣ ጓዶቻቸውም ጠላቶቻቸውን ሲገድሉ ይታያሉ፤ ከሚገደሉት አንዱ የሮም ሰው እንደሆነ ስሙ ይናገራል። የሁሉም ስም በራሳቸው ላይ ተጽፏል። አፈ ታሪኩ በአንድ ወገን፣ የአገር ትዝታው በሌላው ወገን ሆኖ ይተያያሉ፤ ትርጉሙን የሚያገናኘው መካከል ላይ የቆመው ተመልካች ነው። የጎጃም ሠዓሊ ሁለቱን ግድግዳዎች በአንድ ጨርቅ ላይ አጣጠፋቸው ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል የኢትዮጵያዊ አንባቢን ዐይን የሚይዘው ሜምኖን ነው። የኢትዮጵያውያን ንጉሥና የንጋት አምላክ ልጅ የተባለው ሜምኖን ትሮያን ሊረዳ ዘምቶ በአኪሌስ እጅ ይወድቃል። በብሪቲሽ ሙዚየም ያለ የኤክሴኪያስ ሥራ የሚባል ማሰሮ ላይ ንጉሡ እንደማንኛውም የግሪክ ወታደር ጥሩርና ጋሻ ይዞ ተሥሏል፤ የጥቁር ሰው ፊት የተሰጣቸው ሁለቱ አጃቢዎቹ ብቻ ናቸው። የግሪክ ገጣሚዎች ኢትዮጵያ ሲሉ የዛሬዋን አገር ለይተው ማለታቸው ስላልነበረ ከዚህ ላይ ብዙ ታሪክ መጭመቅ አይገባም። ለዚህ ጽሑፍ ቁም ነገሩ ሠዓሊው ጀግናውን በራሱ አገር ወታደር አምሳል መሣሉ ነው፤ የጎጃም ሠዓሊም ይህንኑ አድርጓል።

በጎጃም የጦር ሥዕል በሸክላ ላይ ለምን አልወጣም ቢባል መልሱ የሙያውና የቀብሩ ሥርዓት ላይ ነው። እንስራው፣ ጋኑ፣ ጀበናው ሥዕል አያውቀውም። የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ደግሞ ቡዳ እየተባለ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለል የኖረ ነው። የዚህ ግፍ አንዱ ውጤት እጅግ የሠለጠነ እጅ ከሥዕል መራቁ ነው። ቀለምና ብሩሽ በካህኑ፣ በዲያቆኑና በደብተራው እጅ ቀረ። ክርስቲያን ሲቀበርም ዕቃ አብሮት አይቀበርም፤ በግንዛቱ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ ኤትሩስካዊው በግብዣ ጠረጴዛና በመቃብር ውስጥ ያየው የነበረውን ጦርነት የጎጃም ሰው የሚያየው ለቅዳሴ በቆመበት ነው።

ያ ቦታ የራሱ አሠራር አለው። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ይከፈላል፤ መካከል ላይ ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን ስለሆነ በየአቅጣጫው ለሠዓሊ የሚመች ሰፊ ግድግዳ ይሰጣል። በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት እንደሚታየው ሥዕሉ የሚወጣው በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ይህ የአሠራር ጉዳይ ለኋላው ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው። ሥዕሉ ከመጀመሪያውም ጨርቅ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ተጠቅልሎ ለመንገደኛ የተሸጠው የአድዋ ሥዕል ሳይለጠፍ የቀረ የመቅደስ ጨርቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፈረሰኛው ሰማዕት በኢትዮጵያ ሥዕል ጥንታዊ ነው። በላሊበላ በቤተ ማርያም ምዕራባዊ መግቢያ ላይ አውሬ የሚወጉ ፈረሰኞች ከድንጋዩ ጋር ተፈልፍለው ይታያሉ። ከዚያ በብራና፣ በገበታና በግድግዳ ላይ ሰልፉ እየሰፋ ሄደ፦ ጊዮርጊስ፣ መርቆሬዎስ፣ ቴዎድሮስ፣ ገላውዴዎስ፣ ፊቅጦር፣ ፋሲለደስ፣ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን የሚወጋው ሱስንዮስ። በጎንደር ዘመን ሰልፉ ሙሉ ሠራዊት መሰለ። ጊዮርጊስም ከመጀመሪያው ዘንዶ ገዳይ ሆኖ አልተሣለም፤ በንጉሥ ዱድያኖስ ፊት የመሰከረና የተሠቃየ ሰማዕት ነው፤ ደራጎኑና ዛፍ ላይ የወጣችው ብሩታዊት የተጨመሩት በኋላ ነው። ከነጩ ፈረሱ ጋር ሲታይ ዛሬ ይህ አይታመንም።

የመርቆሬዎስ ሥዕል ቀረብ ብሎ ቢታይ ይህን ይመስላል። ፈረሱ ጥቁር ነው፤ ሉጋሙና የኮርቻው ጌጥ በባላባት ፈረስ ላይ የሚታየው የአገር ሥራ ነው። ሰማዕቱ ባዶ እግሩን ነው፤ ትንሿን የብረት እርካብ የያዘው በእግሩ አውራ ጣት ነው፤ የደጋ ፈረሰኛ ይጋልብ የነበረው እንዲሁ ነበር። ካባው ወደ ኋላ ይነፋል። ጦሩ ወደ ታች ወርዶ ዘውድ የደፋውን ኡልያኖስን ይወጋዋል። ወደ ዳር ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ቆመዋል፤ በአንዳንዱ ሥዕል በገድሉ የሚነገርላቸው ገጸ ከልባት፣ የውሻ ፊት ያላቸው ሰዎች፣ ይከተሉታል። የቂሣርያው ባስልዮስ የለበሰው የአገር ካህን ልብስ ነው። ኤትሩስካዊው ሠዓሊ ቻሩንን በአያክስ አጠገብ እንዳቆመው ሁሉ፣ እዚህም የሩቅ አገር ጦርነት በእርካቡና በካባው የቅርብ ሆኗል። በጣና አካባቢ የፈርዖን ወታደሮች ጠመንጃ ይዘው ሲሰጥሙ የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሠዓሊው ግብፅን አሳስቶ ሥሎ አይደለም፤ ተመልካቹ የሚያውቀውን የንጉሥ ሠራዊት ማሳየቱ ነው።

የዚህ ሥዕል ልዩነቱ የተወጋው ሰው ላይ ነው። ዘንዶ ዘመን የለውም። ኡልያኖስ ግን የሮም ንጉሠ ነገሥት ነበር፤ ከክርስትና ወደ ጣዖት ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ363 ፋርስን ሊወጋ ዘምቶ ሳለ በጦር ተወግቶ ሞተ። ማን እንደወጋው በጊዜውም አልታወቀም። ገድሉ ይህን ክፍተት ሞላው። መርቆሬዎስ ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ በሮም ንጉሥ በዳኬዎስ ዘመን በሰማዕትነት አልፏል። ባስልዮስ በሥዕሉ ፊት ሲጸልይ ሰማዕቱ ከሥዕሉ ጠፋ፤ ሲመለስ የጦሩ ጫፍ ደም ነበረበት። ንጉሡም በዚያ ሰዓት ወደቀ። እዚህ ላይ ሦስት ነገር አንድ ላይ ይገኛል፦ ቀንና ቦታ ያለው እውነተኛ ጦርነት፣ ሞቶ በሰማይ የሚኖር ፈረሰኛ፣ በሁለቱ መካከል ጸሎት። የአድዋ ሥዕል ከዚህ ሌላ የጨመረው ነገር ጥቂት ነው።

ሥዕል በጦርነት መካፈሉ ደግሞ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የጎንደር ነገሥታት እሾህ የደፋውን የክርስቶስ ሥዕል፣ ኰርዓተ ርእሱን፣ ይዘው ይዘምቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 የዳግማዊ ኢያሱ ጦር በስናር ሲሸነፍ ሥዕሉ ተማረከ፤ ተመልሶ እንዲመጣም ብዙ ወርቅ ተከፈለበት። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ይህንኑ ሥዕል ከቴዎድሮስ መኖሪያ የወሰደው ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ነው። ወደ አድዋም የጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ዘምቷል። ስለዚህ ሠዓሊው ጊዮርጊስን በሰማይ ሲያወጣው የሌለ ነገር የጨመረ አልመሰለውም። ከሠራዊቱ ጋር የሄደውን በዐይን በሚታይ መልኩ አሳየ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጊዮርጊስ ዕለት መሆኑ ፈረሰኛውን ወሰነ። ጥቁሩ ፈረስ ነጭ ሆነ፤ የመርቆሬዎስን ቦታ ጊዮርጊስ ያዘ። አደራደሩ ግን እንደነበረ ቀረ። የተለመደው የአድዋ ሥዕል በሁለት ይከፈላል። በግራ ኢትዮጵያውያን፣ በቀኝ ጣልያኖች። በግራ ከፍ ብሎ አጤ ምኒልክ ዘውድ ደፍተው በጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ አቡነ ማቴዎስ መስቀል ይዘዋል፤ ነጋሪት ይመታል። ዝቅ ብሎ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሆነው ሽጉጥ ይዘዋል። መካከል ላይ መድፍና ጢስ፣ የወደቀ ሰው፣ የተመዘዘ ጎራዴ። ከሁሉም በላይ ጊዮርጊስ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀስተ ደመና ተከቦ ጦሩን ወደ ጣልያን ወገን ይሰብቃል። የመኳንንቱ ስም በራሳቸው ላይ ወይም በአጠገባቸው ተጽፏል፤ የቩልቺ ሠዓሊ እንዳደረገው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት የአድዋ ሥዕል ብሪቲሽ ሙዚየምም አለ።

ጦርነቱን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሥዕል እንደ ካርታ አይሠራም። የባራቲየሪ ጦር በአራት ብርጌድ ተከፍሎ ሌሊት ሲጓዝ ተበታተነ፤ አልበርቶኔ ከሌሎቹ ርቆ ተቆርጦ ቀረ፤ ዳቦርሚዳ በሌላ ሸለቆ ገባ፤ ውጊያው በተለያየ ተራራና በተለያየ ሰዓት የተደረገ ነው። ሥዕሉ ይህን ሁሉ አጣጥፎ በአንድ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ሰልፎች አደረገው። ይህ የሠዓሊው የእውቀት ማነስ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ሥዕሉ የሚጠይቀው ጦርነቱ እንዴት ተካሄደ የሚለውን ሳይሆን ማን ከማን ጋር ቆመ የሚለውን ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ የመቅደሱ ግድግዳ ዝግጁ መልስ ነበረው።

መልሱ ዐይን ላይ ነው። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዐይኑ ይታያል፤ ከሐዲ፣ ሰይጣን፣ ክርስቶስን የሚሰቅሉት ጭፍሮች በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዐይናቸው ብቻ ይታያል። ሕጉ ሁልጊዜ አይጠበቅም፤ በተለይ በጎንደር ሁለተኛው የሥዕል ዘመን ሠዓሊዎች ፊትን እንደልብ ያዞሩታል። በአድዋ ሥዕል ላይ ግን ሕጉ ጠበቅ ብሎ ይገኛል። ምኒልክ፣ ጣይቱ፣ ሊቀ መኳሱ፣ ተራው ወታደር ሳይቀር ሁለት ዐይን አላቸው፤ ጣልያኑ መኮንንና ከጎኑ የተሰለፈው አስካሪ፣ ለጣልያን የሚዋጋው የአገሬው ተወላጅ ወታደር፣ አንድ ዐይን። አስካሪው ክርስቲያን ሊሆን ይችላል፣ ቋንቋውም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሥዕሉ ግን ወገኑን እንጂ ሃይማኖቱን አይጠይቀውም። በግድግዳው ላይ የእምነት ምልክት የነበረው ዐይን በጨርቁ ላይ የአገር ምልክት ሆነ። በዚህ ሽግግር ውስጥ የገባው ፖለቲካ ከብዙ መግለጫ ይበልጣል።

የሕጉን ዳር የሚያሳየው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ታሪክ ነው። ቀድሞ ራስ አዳል ተሰማ የተባለው ይህ ሰው በ1873 ዓ.ም. በአጤ ዮሐንስ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆኖ ተቀባ። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ መንቆረር ብሎ በቆረቆራት ከተማ የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ያሠራውም እሱ ነው፤ ከተማዋ ደብረ ማርቆስ የተባለችው በዚህ ነው። በ1874 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ ባለው አገር የተነሳ ከምኒልክ ጋር እምባቦ ላይ ተዋጋ፤ ቆስሎ ተማረከ። ይህን ጦርነት በመቅደሱ ሕግ መሣል ቢያስፈልግ ለማን አንድ ዐይን ይሰጠዋል? ሁለቱም ወገን አንድ ወንጌል ይስማል፣ ለአንድ ጊዮርጊስ ይሳላል። ፈረሰኛው ሰማዕት ወደየት ጦሩን ይሰብቃል? ሕጉ ለውጭ ጠላት የተሠራ ነውና ለወንድማማች ጦርነት መልስ የለውም። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዞ ከምኒልክ ጎን አድዋ ላይ ተሰለፈ፤ በሥዕሉም ከነሁለት ዐይኑ በግራ ወገን ቦታውን አገኘ። አድዋ ለሠዓሊው የተመቸው አንዱ ምክንያት የእምባቦን ዓይነት ጥያቄ ስለዘጋለት ነው።

ይህን እውቀት ከግድግዳ ወደ ገበያ ያወጡት በቤተ ክርስቲያን የተማሩ ሠዓሊዎች ናቸው። ጎጃም፣ በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤዎቹ የሚታወቀው አገር፣ ገድሉን በቃሉ የሚያውቅ ዲያቆን አያጣም፤ ከዲያቆኑም አንዳንዱ ብሩሽ ያነሳል። ከቢቸና የወጣው ቄስ አዳሙ ተስፋው ጥሩ ምሳሌ ነው። ክህነቱን ትቶ አዲስ አበባ በሥዕል የኖረ ሲሆን ሰማዕታቱንም የነገሥታቱንም ጦርነት በአንድ እጅ ሥሏል፤ ሎስ አንጀለስ የሚገኘው የፋውለር ሙዚየም ለሥራዎቹ ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቷል። ገበያው ሥዕሉን ለውጦታል። ጨርቁ በሻንጣ ልክ አነሰ፣ ዝርዝሩ ሳሳ፣ የአደጋገሙ ብዛት እጅን አደነዘዘ። ቢሆንም በመንገድ ዳር የሚሸጠው እንኳ ዐይኑን አይስትም፤ ጣልያኑ ዛሬም በጎን ነው።

ሕጉ የተፈተነው በሚቀጥለው ጦርነት ነው። በማይጨው ሥዕሎች ላይ አውሮፕላን ይታያል። በአድዋ ጊዜ የሰማዕቱ የነበረው የሰማይ ክፍል ቦምብና የመርዝ ጋዝ የሚጥል የጠላት መሣሪያ ያዘው። ሁለቱ ሰልፎች በምድር ላይ እንደነበሩ ናቸው፤ ሁለት ዐይንና አንድ ዐይንም አልተለወጠም፤ የላይኛው ክፍል ግን ባለቤቱን ቀይሯል። የሽንፈት ሥዕል በዚህ ሥርዓት ውስጥ እንዲህ ሆኖ ይነበባል።

ደምበጫ አጠገብ የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የተደረገው ውጊያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ጌዴዎን በሚባለው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጦር ሥር የነበረው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ፣ ከቡሬ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚያፈገፍግ በሺዎች የሚቆጠር የጣልያን ጦር መንገድ ላይ ተገኘ። ሻለቃው እጅግ አነስተኛ ነበር፤ ብዙ ሰው ሞተበት፣ ብዙም ገደለ፤ ጣልያኑ ጥሶ አለፈ። ከአንድ ወር በኋላ፣ መጋቢት 28 ቀን፣ አጤ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዘመቻው ታሪክ ውስጥ ደምበጫ የሽንፈትም የድልም ስም አያገኝም። ለሥዕሉ ሥርዓት ግን ይህ ውጊያ እጅግ የሚያስቸግር ነው። ግራና ቀኝ የለውም፤ አንድ የሚሸሽ ሰልፍና መንገዱ ላይ ያገኘው ጥቂት ሰው ነው። ንጉሥ በጃንጥላ ሥር አልተቀመጠበትም። ለኢትዮጵያ ወገን የሚያዝዘው ነጭ መኮንን ስለሆነ በጎን ይሣል ወይስ በፊት ለፊት የሚለው ራሱ ጥያቄ ነው። ዕለቱም የመድኃኔዓለም ነው፤ መድኃኔዓለም የሚሣለው በመስቀል ላይ እንጂ በፈረስ ላይ አይደለም።